ገበሬው ሃምሳ አለቃ፦ የአልቪን ዮርክ የሕይወት ታሪክ

በዚህ የምሥረታ በዓል እትም ላይ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ታነባላችሁ። የእኔ ድርሻ ግን የአንድን ሰው ሕይወት ማስታወስ ነው። ሰውየው የአገራችን ሰው አይደሉም። በአሜሪካ አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው፣ ለአገራቸው ዘምተው፣ በጀግንነታቸው በዓለም የታወቁ ወታደር ናቸው። ይሁን እንጂ እኔን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በጦር ሜዳ የሠሩት አይደለም። ከጦር ሜዳ ተመልሰው በእርሻቸው፣ በቤተሰባቸውና በመንደራቸው መካከል ያሳለፏቸው 45 ዓመታት ለገበሬና ለገበሬዎች ማኅበር የሚያስተምሩት ነገር ስላለ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ትውልድና ዕድገት

አልቪን ዮርክ የተወለዱት ዲሴምበር 13 ቀን 1887 በቴነሲ ግዛት፣ ፌንትረስ በሚባለው ካውንቲ፣ ፖል ሞል በምትባል የገጠር መንደር ነው። መንደሯ በተራሮች መካከል ዎልፍ የሚባለው ወንዝ በሚፈስበት ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው ዊልያም ዮርክ ገበሬና ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እናታቸው ሜሪ 11 ልጆች የወለዱ ሲሆን አልቪን ሦስተኛው ናቸው። ይህ ሁሉ ቤተሰብ የሚኖረው ከግንድ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር።

በዚያን ጊዜ በዚያ ሸለቆ መንገድ የለም፤ ትምህርት ቤት ቢኖርም የሚከፈተው እርሻ ሥራ በሚቀልበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ልጅ ለእርሻ ይፈለጋል፤ ለብረት ሥራ ይፈለጋል። በመሆኑም አልቪን በዕድሜያቸው ሙሉ የተማሩት ትምህርት ቢደመር ዘጠኝ ወር ያህል ቢሆን ነው። ከአባታቸው በደንብ የተማሩት ሁለት ሙያ ነበር። አንዱ ብረት መቀጥቀጥ ሲሆን ሁለተኛው ጠመንጃ መተኮስ ነው። አደን ለዚያ አካባቢ ሰው መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የቤት ቀለብም ስለነበር ጥይት ማባከን አይፈቀድም ነበር።

በ1911 አባታቸው ሞቱ። ታላላቆቻቸው ትዳር ይዘው ስለወጡ የእናታቸውና የታናናሾቻቸው ኃላፊነት በአልቪን ትከሻ ላይ ወደቀ። በባቡር ሐዲድ ሥራና በእንጨት ቆረጣ በቀን ሠራተኝነት እየተቀጠሩ ቤተሰቡን መርዳት ጀመሩ።

ከመጠጥ ቤት ወደ መዝሙር

እውነቱን ለመናገር ወጣቱ አልቪን ምስጉን ሰው አልነበሩም። በሥራቸው ታታሪ ቢሆኑም የሳምንቱን ድካም የሚያሳርፉት ቴነሲና ኬንታኪ በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ባሉ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ነበር። መጠጥ፣ ቁማርና ድብድብ የሌለበት የዕረፍት ቀን አልነበራቸውም። እናታቸው ደግሞ ልጃቸው እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። የዚህች እናት ሌሊት ከማንኛውም ስብከት በላይ ልጁን እንደከበደው በኋላ በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ላይ ተገልጿል።

በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ ላይ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በተደረገ የስብከት ጉባኤ አልቪን ሕይወታቸውን ለወጡ። መጠጡን፣ ቁማሩንና ድብድቡን በአንድ ጊዜ ተዉ። ቀድሞ የመጠጥ ቤት ሰው የነበሩት ሰው የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪና የመዝሙር መሪ ሆኑ። መዝሙር በጣም ይወዱ ነበር። በእንዲህ ያሉ ትናንሽ የተራራ አብያተ ክርስቲያናት ብዙውን ጊዜ መሣሪያ ስለማይኖር መዝሙሩን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። እኛ አውራጅ የምንለው ማለት ነው። አውራጁ ያነሳል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ተቀባይ ከሌለ አውራጅ የቱንም ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን መዝሙሩ መዝሙር አይሆንም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በዚሁ ዘመን አልቪን የጎረቤታቸውን ልጅ ግሬሲ ዊልያምስን ወደዱ። ግሬሲ በዕድሜ በ12 ዓመት ታንሳቸዋለች። ወላጆቿ የአልቪንን ያለፈ ጠባይ ስለሚያውቁ ጉዳዩን አልወደዱትም። ሰው ተለወጥኩ ስላለ ብቻ ጎረቤት ቶሎ አያምንም፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ስለዚህ አልቪን በትዕግሥት መጠበቅ ነበረባቸው።

የዘመቻ ጥሪ

በኤፕሪል 1917 አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። በጁን ወር አልቪንም እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ ለምልመላ እንዲመዘገቡ ታዘዙ። በዚህ ጊዜ ትልቅ ጭንቀት ያዛቸው። እምነታቸው ሰው መግደልን ይከለክላል፤ አገራቸው ደግሞ ትጠራቸዋለች። በእምነታቸው ምክንያት ከውጊያ ነፃ እንዲሆኑ ደጋግመው ቢያመለክቱም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። በኖቬምበር 1917 በጆርጂያ ግዛት ወደሚገኘው ካምፕ ጎርደን ማሠልጠኛ ተላኩ። በኋላም በ82ኛው ክፍለ ጦር፣ በ328ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር በሚገኝ አንድ ሻምበል ተመደቡ።

በማሠልጠኛው የተኩስ ችሎታቸውን ያዩ ሁሉ ተደነቁ። እርሳቸው ግን ሰው ላይ መተኮስ እንደሚከብዳቸው ለአዛዦቻቸው በግልጽ ተናገሩ። እዚህ ላይ የአዛዦቹ አያያዝ የሚያስመሰግን ነው። የሻምበሉ አዛዥ ኤድዋርድ ዳንፎርዝና የሻለቃው አዛዥ ኤድዋርድ በክስተን ወታደሩን ከማሰርና ከማስፈራራት ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተው ተወያዩባቸው። ከዚያም በነፃነት እንዲያስቡበት የጥቂት ቀናት ፈቃድ ሰጥተው ወደ አገራቸው ላኳቸው። አልቪን መንደራቸው ደርሰው ተራራ ላይ ወጥተው ለብቻቸው ጸለዩ። ሲመለሱ ቆርጠው ነበር። ባለሥልጣን ሰውን በማስገደድ ሳይሆን በማስረዳት ምን ያህል ርቀት መውሰድ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ኦክቶበር 8 ቀን 1918

ቦታው ፈረንሳይ፣ አርጎን የሚባለው ጫካ ነው። ሻቴል ሼሄሪ በምትባል መንደር አጠገብ የጀርመን መትረየሶች የአሜሪካንን ጦር አላስቀምጥ ብለው ነበር። በበርናርድ ኧርሊ የሚመራ የ17 ሰዎች ቡድን መትረየሶቹን ከኋላ ዞሮ እንዲመታ ታዘዘ። አልቪን በዚያን ጊዜ የአስር አለቃ ነበሩ።

ቡድኑ በስተኋላ ዞሮ አንድ የጀርመን መምሪያ ላይ ደረሰና ያልጠበቁ ወታደሮችን ማረከ። ወዲያውኑ ግን ከፊት ለፊት ካለው ኮረብታ መትረየስ ተከፈተባቸው። ስድስት አሜሪካውያን ሞቱ፤ መሪውን ጨምሮ ሦስቱ ቆሰሉ። ከቀሩት ስምንት ሰዎች መካከል አመራሩ በአልቪን ዮርክ እጅ ገባ። እርሳቸው በልጅነታቸው እንደለመዱት አንድ ጥይት ሳያባክኑ መተኮስ ጀመሩ። በሳንጃ ሮጠው የመጡባቸውን ስድስት ወታደሮች በሽጉጥ ሲመቱ ከኋለኛው እንደጀመሩ ይታወቃል። ይህም በአገራቸው የዱር ወፍ ሲያድኑ የተማሩት ዘዴ ነው፤ ከኋላ ያለው ሲወድቅ የፊቶቹ ስለማያዩ አይበተኑም። በመጨረሻ የጀርመኑ መኮንን ወታደሮቹን እጅ እንዲሰጡ አደረገ። አልቪንና ሰባት ጓዶቻቸው 132 ምርኮኞችን እየነዱ ወደ ጦራቸው ተመለሱ።

ለዚህ ሥራቸው የሃምሳ አለቃነት ማዕረግና የአገራቸው ከፍተኛ የሆነው የክብር ሜዳይ ተሰጣቸው። ፈረንሳይም ሸለመቻቸው። በ1919 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት ታሪኩን አሰራጨውና ስማቸው በአንድ ጊዜ ገነነ። አብረዋቸው የነበሩት ሰባቱ ጓዶች ግን በወሬው ውስጥ ብዙም አልተነሱም። ከሥራው በስተጀርባ ብዙ እጅ እያለ ዝናው በአንድ ሰው ላይ ብቻ መከመሩ የጀመረው ከዚህ ነው።

ዝና አልሸጥም ያሉ ገበሬ

በሜይ 1919 መርከባቸው ኒውዮርክ ሲደርስ የጠበቃቸው አቀባበል ለንጉሥ የሚደረግ ዓይነት ነበር። የፊልም ሠሪዎች፣ የቲያትር ቤቶችና የሸቀጥ አስተዋዋቂዎች ብዙ ገንዘብ ይዘው ቀረቡ። አልቪን ዮርክ ሁሉንም እምቢ አሉ። ጦርነት ላይ የሠሩትን ለመነገድ፣ የለበሱትን የወታደር ልብስ ለገበያ ለማቅረብ ሕሊናቸው አልፈቀደም። የፈለጉት ወደ እናታቸውና ወደ ግሬሲ መመለስ ብቻ ነበር። ሜይ ሳያልቅ መንደራቸው ገቡ። ጁን 7 ቀን 1919 ደግሞ የቴነሲ ገዥ ራሳቸው ተገኝተው አጋቧቸው። የግሬሲ ወላጆች ቅሬታ በዚህ መንገድ ተፈታ።

አልቪን ውጭ አገር ደርሰው ሲመለሱ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። መንገድ የሌለው ሸለቆና ትምህርት የሌለው ልጅ ምን እንደሚያጣ አዩ። ስለዚህ ሕዝቡ ላከበራቸው ስም ምትክ የጠየቁት ለራሳቸው ሳይሆን ለመንደራቸው መንገድና ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በፖል ሞል የሚያልፈው አውራ ጎዳና በስማቸው ይጠራል።

በስጦታ የመጣ ዕዳ

አሁን ለእኛ ለገበሬዎችና ለማኅበራት ሠራተኞች ዋና ወደሆነው ነገር ደርሰናል። የናሽቪል ከተማ ሮታሪ ክለብ ጀግናው ገበሬ መሬት ይገባቸዋል ብሎ ገንዘብ በማሰባሰብ በዚያው ሸለቆ ወደ 160 ሄክታር የሚጠጋ ለም መሬት እንዲገዛላቸው አደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ቃል የተገባው ገንዘብ በሙሉ አልተሰበሰበም፤ መሬቱም የተያዘው በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ነበር። ቤት፣ ከብትና የእርሻ መሣሪያም አብሮ አልመጣም። አልቪን እነዚህን ለማሟላት መበደር ነበረባቸው።

በዚሁ ጊዜ የጦርነቱ ገበያ ቆመ። በ1920 እና በ1921 በአሜሪካ የእህልና የከብት ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደቀ። በጦርነቱ ዘመን በውድ ዋጋ ታስቦ የተወሰደ ዕዳ በርካሽ እህል የሚከፈል ሆነ። የክብር ሜዳይ የተሸለሙት ሰው መሬታቸውን ሊያጡ ጫፍ ላይ ደረሱ። ጋዜጦች ነገሩን ሲያወጡት ከልዩ ልዩ ቦታ መዋጮ መጣና የመሬቱ ዕዳ ተከፈለ። ይህ የደረሰባቸው በስንፍና አልነበረም። ከስጦታው በስተጀርባ ያለውን ውል ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላስረዳቸው ነው። ግማሹ የተከፈለ ስጦታ ለተቀባዩ ሙሉ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤቱ

አልቪን ዮርክ በገንዘብ ችግር ውስጥ እያሉም ስለ ትምህርት ቤቱ አልተዉም። በልዩ ልዩ ከተሞች እየዞሩ ንግግር በማድረግ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ሰዎች የሚፈልጉት ስለ ጦርነቱ እንዲያወሩላቸው ሲሆን እርሳቸው ግን ስለ ተራራ ልጆች ትምህርት መናገር ይመርጡ ነበር። ዓላማቸው የገጠር ልጅ ከቀለም ትምህርት ጋር እርሻንና ሙያን እንዲማር ነበር። ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ፣ ማን ያስተዳድረው በሚለው ላይ ከአካባቢው ሹማምንትና ነጋዴዎች ጋር ብዙ ተጣሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከመድረስም ደርሷል።

በመጨረሻ በ1929 ጄምስታውን በምትባለው ከተማ በስማቸው የሚጠራው የግብርና ተቋም ተከፈተ። ዓመቱ ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጀመረበት ዓመት ሆነ። በጀት ጠፋ። ከሩቅ መንደር የሚመጡ ልጆች መኪና ያስፈልጋቸዋል፤ መምህራን ደመወዝ ይጠብቃሉ። አልቪን በዚህ ጊዜ ያደረጉት አንባቢን ሊያሳዝንም ሊያስደንቅም ይችላል። የራሳቸውን መሬት በዋስትና አስይዘው ተበደሩና የተማሪዎቹን ማመላለሻና የመምህራኑን ደመወዝ ሸፈኑ። የብዙ ልጆች አባት የሆኑ ሰው የልጆቻቸውን እንጀራ ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት አስያዙ ማለት ነው።

ሆኖም አንድ ሰው የሕዝብን ተቋም በግል ዕዳ ለረጅም ጊዜ ሊያቆም አይችልም። በ1936 ከተቋሙ መሪነት ለቀቁ። በ1937 የቴነሲ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ሙሉ በሙሉ ተረከበ። እነሆ ትምህርት ቤቱ ዛሬም በስማቸው እየተጠራ ያስተምራል። ዘጠኝ ወር የተማሩ ሰው ለብዙ ትውልድ የሚሆን ትምህርት ቤት ትተው አለፉ።

ቤተሰብና የኋለኛው ዘመን

አልቪንና ግሬሲ ብዙ ልጆች ወልደው ሰባቱን ለወግ ለማዕረግ አበቁ። የበኩር ልጃቸው ገና በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል። ለልጆቻቸው ያወጡት ስም በአብዛኛው የአገራቸው ታላላቅ ሰዎች ስም ነበር። አንደኛውን ልጃቸውን ግን ጆርጅ ኤድዋርድ በክስተን ብለው የሰየሙት በማሠልጠኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ያወያያቸውን አዛዥ ለማስታወስ ነው። ቤታቸው በዎልፍ ወንዝ አጠገብ ሆኖ የእህል ወፍጮና ሱቅ ነበራቸው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ሥራ ላጡ ወጣቶች ባቋቋመው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ፕሮግራም ተቀጥረው በኩምበርላንድ ተራራ ፓርክ የግድብ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ54 ዓመታቸው እንደገና ለመዝመት ጠየቁ። ጤናቸው ለውጊያ ስላልፈቀደ የሻለቃነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው በየካምፑ እየዞሩ ወታደሩን ያበረታቱ ነበር። በወረዳቸውም የምልመላ ቦርዱን መርተዋል። በአንድ ወቅት ከዘመቻ ነፃ እንዲሆኑ ያመለከቱት ሰው የሌሎችን ማመልከቻ የሚያዩ ሆኑ።

ለሃያ ዓመት ያህል እምቢ ያሉትን ፊልም በመጨረሻ የፈቀዱት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ ስለፈለጉ ነው። በ1941 የወጣው ይህ ፊልም በዓመቱ ከፍተኛ ገቢ ካስገኙት አንዱ ሲሆን እርሳቸውን ሆኖ የሠራው ጋሪ ኩፐር የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። ገንዘቡ ግን ሌላ መከራ ይዞ መጣ። አልቪን ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሰጡ እንጂ ሒሳብ የሚይዙ ሰው አልነበሩም። በ1950ዎቹ የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በፊልሙ ገቢ ላይ ያልተከፈለ ግብር አለ ብሎ ጠየቃቸው። ወለዱ እየተጨመረ ዕዳው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በ1954 ደግሞ ስትሮክ መታቸውና የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ወይዘሮ ግሬሲ ለዓመታት አስታመሟቸው።

የዕዳው ጉዳይ ያለቀው በ1961 ነው። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሳም ሬይበርንና ሌሎች ሰዎች ባስተባበሩት የሕዝብ መዋጮ፣ በ25,000 ዶላር ስምምነት ተደርሶ ተዘጋ። አልቪን ዮርክ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1964 በናሽቪል በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በ76 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩትም በዚያው በተወለዱበት ሸለቆ፣ በዎልፍ ወንዝ መካነ መቃብር ነው። ወይዘሮ ግሬሲ ከእርሳቸው በኋላ 20 ዓመት ቆይተው በ1984 ተከተሏቸው። የእርሻ ቤታቸውና ወፍጮው በቅርስነት ተጠብቀዋል።

ምን እንማራለን?

በልማት ጣቢያ ሠራተኝነቴ በየቀበሌው አንድ የማያጣውን ነገር አያለሁ። አንድ ጎበዝ ገበሬ ይገኛል። ችግኝ ጣቢያው በእርሱ ጓሮ፣ ስብሰባው በእርሱ ቤት፣ እንግዳ ሲመጣ ማብራሪያው በእርሱ አፍ ይሆናል። እኛ ባለሙያዎችም ሪፖርታችን ስለሚያምርልን ደጋግመን ወደ እርሱ እንሄዳለን። እርሱ የታመመ ዕለት ግን ችግኙን የሚያጠጣ ይጠፋል። እኔም በዚህ ጥፋት ውስጥ ነበርኩበት። የሃምሳ አለቃ ዮርክን ታሪክ ሳነብ ያ ጎበዝ ገበሬ ትዝ አለኝ።

አልቪን ዮርክ ያልቻሉት ጦርነት አልነበረም፤ ያልቻሉት ብቻቸውን መሸከምን ነው። አውራጅ ሆነው መዝሙሩን አነሱ፤ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ግን ተቀባዩ ዘገየባቸው። ተቀባይ እስኪገኝ ድረስም በገዛ መሬታቸው ዋስትና ብቻቸውን ዘመሩ። በመሆኑም ለማኅበራችን ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ስጦታም ሆነ ብድር ሲመጣ ውሉ ለአባላት በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብ፤ ቀሪው ክፍያ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ርክክብ አይደረግ። ሁለተኛ፣ ቸርነት ያለ ሒሳብ መዝገብ ቸሩን ሰው ይጎዳል፤ መዝገብ መያዝ እርስ በርስ አለመተማመን ሳይሆን መጠባበቅ ነው። ሦስተኛ፣ የጋራ ሥራ በአንድ ሰው ስምና በአንድ ሰው መሬት ላይ አይቁም፤ ሰውየው የክብር ሜዳይ የተሸለመ ጀግና ቢሆንም እንኳ።

በዚህ የምሥረታ በዓላችን በየመሠረታዊ ማኅበሩ መዝሙሩን ያነሱልንን ሰዎች ስናመሰግን ከጭብጨባው ጋር አንድ ጥያቄ ብናነሳ መልካም ነው። እነርሱ ሲያነሱ እኛ እየተቀበልን ነው ወይስ ቆመን እያዳመጥን? መልሱን ለእያንዳንዱ አባል እተዋለሁ። መልካም የምሥረታ በዓል!